ክቡር ልበ ሙሉ ልባቸውን ሊያስመረምሩ ሄዱ

ሊፍት ያለው ሕንፃ ሁሉ፣ ሊፍቱ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያሳፍር አንድ ስፖርተኛ አያጣም። ጡረታ ወጥቶ ሩጫ የጀመረ ሰው አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ሌላውንም አያስቀምጥም። በዚህኛው ሕንፃ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት፣ ጎረቤት ሁሉ "ክቡር ልበ ሙሉ" የሚላቸው የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው።

"ልብ በሉ!" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። "ሊፍት የተሠራው ለዕቃ ነው። አንቺ ቁም ሣጥን ነሽ?"

ባንክ ወረፋ ላይ ቁጭ ብድግ ይሠራሉ። በሽተኛ ሊጠይቁ ሄደው በሽተኛውን ከአልጋ አስነስተው እጁን አስወናጭፈውታል። በወንድማቸው ልጅ ሠርግ ላይ ደግሞ የሙሽራውን የእጅ አንጓ ጨብጠው፣ ፎቶ አንሺው እየጠበቀ፣ "ልብህ እየሮጠ ነው፤ አንተም ብትከተለው አይከፋም" አሉት። ሙሽሪት እስከ ዛሬ አታናግራቸውም።

በዚህ ሁሉ መሃል መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ የሚላት አንዲት ልጃቸው ናት። የልብ ክሊኒክ ውስጥ የልብን ኤሌክትሪክ በማሽን የምታነሳ ባለሙያ ነች። አለቃዋ ዶክተር፣ እንቅስቃሴ በጤነኛ ሰዎች የልብ ኤሌክትሪክ ላይ ምን እንደሚያመጣ ሊያጠና በጎ ፈቃደኞች ፈለገ። ለሚያውቋት ሁሉ ነገረች፤ ለአባቷ ብቻ ትንፍሽ አላለችም። ማስታወቂያው ግን የት ቢለጠፍ ጥሩ ነው? እሳቸው በሚኖሩበት ሕንፃ ሊፍት በር ላይ!

ክቡርነታቸው ቢጫ ቱታቸውን ግጥም አድርገው ክሊኒኩ ውስጥ ከተፍ አሉ። "ልብ በሉ! የእኔን መስመር ቀጥ ብሎ ነው የምታገኙት፤ አንድ መዛነፍ የለበትም!"

"ኧረ አባባ፣ ቀጥ ካለማ ልብ ቆሟል፣ አልቆልናል!" አለ አንዱ ባልደረባዋ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ "ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?" አላት።

"እኔ? የት አውቃቸዋለሁ? የሆኑ አባባ ናቸው" አለች።

"አባባ" ለመደበቂያ የተመቸ ቃል ነው። አባቱን የሚጠራም፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሽማግሌ የሚጠራም እኩል ይለዋል። ቤት ውስጥ "አንተ" የምትለውን አባቷን ግን "ናቸው" ስትል ሰሟት። የተቀሰረው ጣት ቀስ ብሎ ወረደ።

"ሲስተር፣ ቱታዬን ላውልቅ?" አሏት።

ቤት ሲሆኑ "የኔ ልብ" ነው የሚሏት። እስከ ዛሬ በእሳቸው ነበር የምታፍረው፤ አሁን በራሷ አፈረች፤ ይሄኛው ሃፍረት ደግሞ ቀና አያስብልም። ሽቦዎቹን ደረታቸው ላይ እስክትለጥፍ ድረስ ጸጉሩ እንዲህ መሸበቱን አላወቀችም ነበር።

መሮጫ ማሽኑ ላይ ወጡ። ማንንም ሳይመክሩ ሮጡ። ስክሪኑ ላይ የመስመሩ ጫፎች እየተቀራረቡ፣ በመሃላቸው ያለው ርቀት እያጠረ ሄደ። "ጤነኛ ልብ እንዲህ ነው፤ ሲሮጡ ይቸኩላል፣ ሲያርፉ ይረጋል" አለ ዶክተሩ። እውነትም ማሽኑ ቆሞ ወንበር ላይ ሲያርፉ መስመሩ ተረጋጋ።

"የሚሸኝዎት ቤተሰብ አለ?" አላቸው ዶክተሩ።

"ብቻዬን ነኝ" አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። "በእግሬ እሄዳለሁ።"

"ልብ በሉ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጅቱ ነበረች፤ ጣቷ ሳይታወቃት ተቀስሯል። "አባቴ ነው። ቅድም አፍሬ ነው የካድኩት።"

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ስክሪኑ ላይ ግን ተረጋግተው የነበሩት ጫፎች እንደገና ይሽቀዳደሙ ጀመር።

"ምነው? ተቀምጠዋል እኮ!" አለ ዶክተሩ ግራ ገብቶት።

"ማሽናችሁን አሠሩት" አሉ ክቡርነታቸው፣ ዓይናቸውን ጭናቸው ላይ ባስቀመጡት ቱታ እጅጌ እየጠረጉ።

ሲወጡ የክሊኒኩ ሊፍት ፊት ሰዎች ቆመዋል። ክቡር ልበ ሙሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጣታቸውን ቀሰሩ። ልጅቱ እንደ ልማዷ በሃፍረት ቀላች፤ ክንዳቸውን ግን አልለቀቀችም።

"አባባ፣ ተዋቸው በቃ፤ እኛ በደረጃ እንውረድ" አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማት ጮክ ብላ።