ክቡር መምህር ወጥ ቤቴን ያጥለቀለቁ ዕለት

ሰው የሚያስፈራ ጎረቤት የሌለው ሕንፃ ገና አልተሠራም። የእኛው ከበላያችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ አርባ ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ጡረተኛ፣ ክቡር መምህር። ደረጃ ላይ ከያዙህ የገዛኸው ዳቦ እጅህ ላይ ይደርቃል እንጂ አይለቁህም።

ወሬያቸው አንድ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ባለፈው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሊቀመንበራችን ጄኔሬተሩ ከእንግዲህ በቀን ሁለት ሰዓት ቀንሶ እንደሚሠራ ሲያበስሩን አጨበጨብን። ክቡርነታቸው እጃቸውን አወጡ። «መቀነስ መቆም አይደለም» አሉ። ጭብጨባው መሃል ላይ ቀረ፤ ሊቀመንበሩም እስከ ዛሬ እንዳኮረፉ ናቸው።

እኔ ሞኙ ደግሞ፣ ጭሱን ከቀነስን አየሩ ውስጥ ያለውም ይቀንሳል አይደል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ!

በማግስቱ ወጥ ቤቴ ገቡ። የዕቃ ማጠቢያውን ማፍሰሻ በጨርቅ ግማሹን ደፈኑና ቧንቧውን ለቀቁት። ቧንቧው የእኛ ጭስ ነው አሉ፤ የመኪናው፣ የፋብሪካው፣ የጄኔሬተሩ። ማፍሰሻው ዛፉና ባሕሩ ነው፤ ከምናወጣው ግማሽ ያህሉን ይወስዱልናል፣ የተረፈው አየር ላይ ይጠራቀማል። ከዚያ ቧንቧውን ትንሽ ቀነስ አደረጉት። ውሃው ዝግ አለ እንጂ መሙላቱን አልተወም። የተጠራቀመውስ መቼ ይጎድላል ብላቸው፣ ዛሬ ሁሉም ቢዘጋ እንኳ ከፊሉ ለብዙ መቶ ዓመታት አይለቀንም አሉ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። የስምንት ወር እርጉዝ ናት። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ውሃውን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። ይህ ልጅ በእኔ ዕድሜ ሲሆን ምን ዓይነት አየር ውስጥ ይኖር ይሆን? ውሃው ጠርዙን አልፎ እግራችን ላይ እስኪወርድ ድረስ ሦስታችንም ቧንቧውን አልዘጋንም።

ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን ስሰማ በሬን ቆልፌ የሌለሁ መምሰል ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆኜ ትናንት ግን አልቻልኩም፤ ልቆጣቸው ወጣሁ። ሚስቴ እንቅልፍ እንዳጣች፣ እኔም ከእሷ እንደማልሻል፣ ለነፍሰ ጡር እንዲህ ያለ ነገር እንደማይነገር እዚያው በራቸው ላይ ዘረገፍኩት። ክቡር መምህር በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

«ልጄ፣ እኔስ የምተኛ መሰለህ?» አሉ። «ሳስተምር ስልሳ ሰው አብሮኝ ያውቅ ነበር። አሁን ብቻዬን ማወቁ ከበደኝ።»

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ፍርሃቱማ አለ፤ እሱ የትም አልሄደም። ልጄ ሲጠይቀኝ እንዳልሳሳት እንደገና ያስረዱኝ አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «የቱ ጋ ነው የጠፋብህ?»

አንዱም አልጠፋብኝም፤ የምሸሻቸውም ስለገባኝ ነበር። «ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ጋሼ» አልኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።