ጋሽ በላቸው የሚጠሩት ለማ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ስልካችሁን ግን አስቀምጡት። አሥራ ስድስት ጊዜ ሠላሳ አምስት ስንት ነው? አያችሁ፣ ወዲያው ዓይናችሁ ጣሪያ ላይ ተሰቀለ። ከንፈራችሁም ይንቀሳቀሳል። መልሱ የትም አይሄድም፣ እንደርስበታለን። እኔን የሚገርመኝ ያ ከንፈር በየትኛው ቋንቋ እንደሚንቀሳቀስ ነው። ሰው ባገኘው ቋንቋ ይገበያያል፣ ይሳደባል፣ ሲቸግረውም ይምላል። በልቡ ሲያባዛ ግን ሹልክ ብሎ ልጅ ሆኖ ወደ ቆጠረበት ቋንቋ ይገባል። እዚህ ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሚያስተምር አንድ ዘመድ አለኝ፤ ሲያስተምር በእንግሊዝኛ፣ ሲቆጣ በአማርኛ፣ ሲያባዛ በኦሮምኛ ነው። ለምን ብትሉት እሱም አያውቀውም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ወረቀት አያስፈልግም። አንዱን ወገን በግማሽ ቀንሱት፣ ሌላውን እጥፍ አድርጉት፤ ስምንት ጊዜ ሰባ ሆነላችሁ ማለት ነው። አምስት መቶ ስልሳ፤ አለቀ። ይህን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ጋሽ በላቸው ናቸው። ጅማ ውስጥ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያባዛ ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የእሳቸው ተማሪ ነው። «ከዚህ የቀነስከውን እዚያ ካልጨመርክ ሒሳብ ሳይሆን ሌብነት ነው» ይሉን ነበር። ዛሬም ቁጥር ባጠፍኩ ቁጥር ሌባ እንዳልሆን እጠነቀቃለሁ።

ሌላው የሚታወቁበት ነገር አማርኛቸው ነው። እኛ የጅማ ሰዎች አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረን በኦሮምኛ እንጨርሰዋለን፤ መሀሉ ላይ «ወላሂ» ጣል እናደርግበታለን፣ ማንም አይከፋም። ጋሽ በላቸው ይከፋሉ፤ እሳቸው ራሳቸው ከአማርኛ ሌላ ሲናገሩ ሰምተን አናውቅም። ተወልደው ያደጉት እዚሁ ጅማ አጠገብ፣ ሰቃ ቢሆንም፣ ቤታቸው ገብታችሁ ሁለቱን ቋንቋ ከቀላቀላችሁ «አንዱን ጨርስና ሌላውን ጀምር» ትባላላችሁ። ይህን ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ጋሽ በላቸውን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ዛለ፣ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጎተተ፣ ንግግራቸውም ጠፋ። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ የቀረቻቸው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። «ለማ» ይላሉ። የሰውን ዓይን ዓይን እያዩ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው፣ «ለማ?» «አቤት ጋሼ፣ ምን ላድርግልዎ?» ስንል ራሳቸውን በብስጭት ያወዛውዛሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ለማ?»

ለማ ማን ነው? ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይህን ያዘ። ጅማ ውስጥ ለማ የተባለ ሰው በየተራ አልጋው ፊት ቀረበ። ፀጉር አስተካካዩ ለማ መጣ፤ ጡረተኛው የፖስታ ቤት ለማም ከረባት አስሮ መጣ። ጋሽ በላቸው ሁሉንም በግራ እጃቸው አሰናበቷቸው።

ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች ግን ሌላ ሐሳብ ገብቷቸው ኖሯል። ሁለቱ ልጅ የላቸውም። ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም፤ ስለት ያልገባበት ቤተ ክርስቲያን፣ ያልታዩበት ሐኪም ቤት የለም። ጋሽ በላቸው ደግሞ ከመጋባታቸው በፊት አሰንዳቦ ከተማ ያስተምሩ ነበር። እትዬ አስናቀች እነዚህን ሁለት ነገሮች ደመሩና ልጅ አገኙ።

«አሰንዳቦ ወልዷል» አሉኝ አንድ ቀን፣ አጥሚት እያማሰሉ። «ይኼን ሁሉ ዘመን አንድ ትራስ ላይ ተኝተን፣ እኔ ስለት ስሳል እያየ፣ ልጅ ነበረው።»

እውነት ይሁን አይሁን የሚነግራቸው አልነበረም። የሚያውቁት ጋሽ በላቸው ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም «ለማ» ብቻ ነው የሚሉት። እትዬ አስናቀች በአንድ እጃቸው አጥሚቱን እያጎረሱ፣ አፋቸውን ጠረግ እያደረጉላቸው፣ በዚያው ይሞግቷቸዋል። «እናቱ ማን ናት? እ? ዋጥ አድርግ። ማን ናት?» እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

ቁጣው ግን ብዙ አልቆየም። መጀመሪያ «ልጁ ምን አጠፋ?» አሉ። ቀጥለው «አፍንጫው የሱ ይሆናል» አሉ። አንድ ጠዋት ብሄድ የጎኑን ክፍል ጠርገው ለአልጋው አዲስ አንሶላ ገዝተዋል። በአሰንዳቦ በሚያልፍ ሹፌር «መምህር በላቸው ታመዋል፤ ለማን ይፈልጉታል» ብለው መልእክትም ልከዋል። እኔን የሚጠይቁኝ ነገር ተለወጠ፤ ሽሮ ይወድ ይሆን? አግብቶ ይሆን? ሲመጣ ምን ብሎ ይጠራኝ ይመስልሃል?

በዚህ መሀል ሐጂ ከማል መጡ። ሐጂ የጋሽ በላቸው የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ሰቃ አብረው ነው ያደጉት። ለቡና ለቀማ አጋሮ ልጃቸው ዘንድ ሰንብተው፣ ወሬውን ዘግይተው ሰምተው፣ በዱላቸው እየተደገፉ ገቡ።

«አከም ጂርታ፣ ያ በላቸው!» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሏቸው፣ እንባቸው እየቀደማቸው።

ጋሽ በላቸው ቀና አሉ። «ለማ?»

ሐጂ ዱላቸውን መሬት ላይ ለቀቁት። «አፉር!» አሉ።

«ሰዴት» አሉ ጋሽ በላቸው።

ከታመሙ ወዲህ የተናገሩት ሁለተኛ ቃል ነበርና ደነገጥን። ሐጂ «ኩዳ ጃኣ!» ሲሉ፣ በሽተኛው ያንን የተጎተተ አፋቸውን በትግል ሰብስበው «ሶዶሚ... ላማ» ብለው ሳቁ። ሁለቱም ሳቁ።

ለማ ሰው አልነበረም። ላማ ነበር፤ በኦሮምኛ ሁለት። የደከመው አፍ «ላ»ውን አሳጥሮት ነው። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት። «ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንጫወተው ነው፣ ወላሂ» አሉ ሐጂ። «አንዱ ላማ ይላል፣ ሌላው አጥፎ ይመልሳል፤ የተሳሳተ የሌላውን ቦርሳ ይሸከማል።» ለካ ጋሽ በላቸው እስካሁን ኳስ እየወረወሩልን የሚመልስላቸው አጥተው ነው የሚበሳጩት። ኦሮምኛ የማያውቅ ሰው እኮ በሰፈራችን የለም! ግን ሰው የምንሰማው በምናውቅለት ቋንቋ ነውና፣ ከጋሽ በላቸው አፍ ኦሮምኛ ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

እኔ ደስ ብሎኝ ወደ እትዬ አስናቀች ዞርኩ። የሉም። ጓሮ ወጥተው፣ ቡናዋ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ታጥቦ የተሰጣውን አዲሱን አንሶላ ጭናቸው ላይ ያጣጥፋሉ።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አልኩ እኔ ሞኙ። «ጋሼ ንጹሕ ናቸው።»

«ቆንጆ ልጅ ነበር» አሉ።

«ማን?»

«ለማ።»

አንሶላውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ምን ይባላል? እግዜር ያጽናዎት አይባል፣ የሞተ የለም። አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ እኔም አለቀስኩ። ያንን ልጅ፣ ለካ እኔም ለምጄው ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ሐጂ በየቀኑ እየመጡ ላማ አፉር ሲባል ይዋላል፤ የጋሽ በላቸውም አንደበት በጥቂቱ ይፈታ ጀመር። የጎኑ ክፍል ግን ተቆለፈ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። እትዬ አስናቀችና እኔ ከፈትን። ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ትልቅ ሰው፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ከአሰንዳቦ ነው የመጣሁት» አለ። «ለማ እባላለሁ። ጋሼ ልጅ ሆኜ አስተምረውኛል። ማባዛት እምቢ ብሎኝ ሁሉም ሲተወኝ፣ ሌላው ሲወጣ ለብቻዬ አስቀምጠው ያስጠኑኝ ነበር። ታመው ይጠሩኛል ሲሉኝ... ከዚያ ሁሉ ተማሪ መሀል እኔን...»

እኔ የጋሼ የሒሳብ ተማሪ ነኝ፣ ስሕተት ሳይ ማረም እወዳለሁ። አፌን ከፈትኩ። እትዬ አስናቀች እግሬን ረገጡኝ።

«ሌት ተቀን ነው የጠራህ፣ ልጄ» አሉት። «ምነው ቆየህ?»

ይዘውት ገቡ። ጋሽ በላቸው ትራስ ተደግፈው፣ ሐጂ ከጎናቸው ተቀምጠዋል። በሽተኛው እንግዳውን ትኩር ብለው አዩትና እንደ ልማዳቸው ጀመሩ።

«ለማ?»

ሐጂ «አፉር» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እትዬ አስናቀች አዩዋቸው። ሐጂ መልሰው ዘጉት።

«አቤት፣ ጋሼ» አለ ለማ።