በድንኳን ውስጥ የዋለ ቴአትር

እኛ ሰዎች ለሐዘን ጥሪ አንፈልግም። ድንኳን ካየን በቃን፤ የሞተውን ባናውቀውም ፊታችንን አጥቁረን እንገባለን፣ ሳይበዛ ሳያንስ ቁጭ ብለን እንወጣለን። ለደስታ ስትጠሩን ግን ሰበባችን ብዙ ነው። ውሃ የሚመጣው ያን ቀን ነው፤ ራሳችንን የሚያመን ያን ቀን ነው። እናንተን አላውቅም፤ እኔ ግን በዚህ የታወቅሁ ነኝ።

ጎረቤቴ ሰለሞን እዚሁ ካዛንቺስ ትንሽ የቴአትር ቡድን ይመራል። ድሮ ረጂ ነበረው። ስለ እጅ መታጠብ ድራማ ይሠራል፤ ተመልካቹ የትራንስፖርት አበሉን ፈርሞ ይወስዳል፤ ሲያበቃ «ተመልካቹ ምን ያህል ተሳተፈ?» የሚል ቅጽ ይሞላል። ረጂው እጁን ሲሰበስብ አዳራሹም ሄደ፣ አበሉም ቀረ። ከአበሉ ጋር ተመልካቹም።

አንድ ሐሙስ በር ላይ ያዘኝና የግብዣ ወረቀት ሰጠኝ።

«ለቅዳሜ ነው። ማለቴ፣ ወንበሩ ባዶ ከሆነ በቃ፣ መብራቱን ሸጠን እንበተናለን።»

«ምን በወጣችሁ! ቀድሜህ ነው የምገኘው» አልኩት። ወረቀቱን ሳላነበው ኪሴ ከተትኩት። ላለመሄድ የወሰንኩትም እዚያው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከሰንጋ ተራ ስመለስ፣ ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ክፍት ቦታ የእድራችን ድንኳን ተተክሏል። ለሰርግ ሁሉም አዲስ ድንኳን በሚከራይበት በዚህ ዘመን የእድር ድንኳን ከለቅሶ ሌላ ትርጉም የለውም። ኮፍያዬን አውልቄ ገባሁ። አግዳሚው ጢም ብሎ ሞልቷል። አጠገቤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡትን እትዬ አስካለን «ማን ነው ያረፈው?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኋቸው።

«እኔም አንተን ልጠይቅህ ነበር» አሉኝ።

ንፍሮም አልዞረም። በዚህ መሀል አንዲት ወጣት ደረቷን እየደቃች ከመጋረጃ ጀርባ ወጣች። «ባሌ ጥሎኝ ሌላ አገባ» እያለች ታለቅሳለች። ነገሩ የገባኝ ሰለሞንን ከመጋረጃው ጎን ላብ በላብ ሆኖ ሳየው ነው። አዳራሽ ቢያጣ የእድሩን ድንኳን ተውሶ ኖሯል። ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አለኝና አፈርኩ። ግን ማን ይነሳል? ከለቅሶ ድንኳን ገብቶ ወዲያው መውጣት ነውር ነው፤ ድራማም ቢሆን ድንኳኑ ያው ድንኳን ነው።

እትዬ አስካለ ብቻ ብድግ አሉ። ሄደው ልጅቱን አቀፏት። «በቃሽ ልጄ፤ ለእሱ ብለሽ ዓይንሽን አታጥፊ።» ተዋናይዋ የምትለው ጠፋትና ከምሯ አለቀሰች። ድንኳኑም አብሯት አለቀሰ። ያን ቅጽ የሚሞላ ሰው ግን አልነበረም።

ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም በየተራ ሰለሞንን «እግዚአብሔር ያጽናህ» እያለ ወጣ። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወርቁ ወደ ኋላ ቀሩ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ ግን የቀረው ካልተቀጣ አያብርም» አሉት። «አንተም እድር አቋቁም።»

አቋቋመ፤ የተመልካች እድር። እኔም ተመዘገብኩ። በወር ትንሽ መዋጮ፣ በወር አንድ ድራማ፤ ስም ይጠራል፣ የቀረውን ጋሽ ወርቁ ይቀጣሉ። መብራቱ አልተሸጠም። እትዬ አስካለ የፊተኛውን አግዳሚ ይዘዋል፤ ተዋንያኑን መምከራቸውንም አልተዉም።

ባለፈው ወር ራሴን አመመኝ ብዬ ቀረሁ። ጋሽ ወርቁ ቤቴ ድረስ መጥተው ቅጣቱን ተቀበሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቴአትር በነጻ ያየሁ ሰው፣ ከመዋጮው በላይ ከኪሴ አውጥቼ የከፈልኩት ላላየሁት ሆነ።

«ለመሆኑ ጥሩ ነበር?» አልኳቸው።

«ብትመጣ ታውቀው ነበር» ብለውኝ ሄዱ።