መጀመሪያ ይቆረጣል፣ ከዚያ ይሰፋል

ሕዝብን ማገልገል ከምን ይጀምራል ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ከመቀስ ነው። ከትምህርት ይጀምራል የሚሉ አሉ፤ ተምረው አየናቸው። ከቅንነት ይጀምራል የሚሉም አሉ፤ እነሱ እንኳ ገና አልጀመሩም። አንዲት ትንሽ ከተማ ግን ትክክለኛውን መልስ ያገኘችው ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነው፤ ያገኘችውንም ይዛ እስከ ዛሬ አለች።

የሱቁ ባለቤት ጋሽ መቀስ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ እሱን የሚያስታውሱት ሲታመሙ ብቻ ነው። መቀስ የተባሉት ጨርቅ መቁረጥ ስለሚያምርባቸው ነው። ሌላው ነጋዴ ጨርቅ ሲቆርጥ ይከተክታል። እሳቸው የመቀሱን አፍ ከፈት አድርገው አንዴ ገፋ ሲያደርጉት፣ ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር ሽው ብሎ ለሁለት ይከፈላል። የሚለኩት ደግሞ ባለቤታቸው ናቸው፤ በዚህም እትዬ ሜትር ተብለዋል። እትዬ ሜትር ለክተው በጥፍራቸው ምልክት ያደርጋሉ፣ ጋሽ መቀስ ይቆርጣሉ፤ ትዳሩም ሱቁም የቆመው በዚሁ የሥራ ክፍፍል ነው። ከባንኮኒው በላይ ጋሽ መቀስ በገዛ እጃቸው የጻፉት ማስታወቂያ ተሰቅሏል፦ «የተቆረጠ አይመለስም።» የመንግሥት ሕግ ሲያረጅ ይሻሻላል። ይሄኛው ግን ተሻሽሎ አያውቅም።

ቀን የወጣላቸው የሕዝብ ሽንት ቤት ሲመረቅ ነው። ትልቅ እንግዳ መጡ፣ ሪባን ተወጠረ፣ ንግግር ተደረገ፣ እንግዳው መቀስ አነሱ። መቀሱ ከማዘጋጃ ቤቱ መሳቢያ የወጣ ዱልዱም ነበርና ሪባኑን በመቁረጥ ፈንታ ያኝከው ጀመር። እንግዳው ላባቸው ጠብ እስኪል ታገሉ። ሕዝቡ ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ይሄኔ ጋሽ መቀስ ከሰው መሀል ወጡ፣ ከኮታቸው ኪስ የራሳቸውን መቀስ መዘዝ አደረጉ፣ «ይፍቀዱልኝ፣ ጌታዬ» አሉና ገፋ አደረጉት። ሽው።

ሕዝቡ አጨበጨበ።

እዚህ ላይ የሚነገረው ቀልድ የለበትም። ጋሽ መቀስ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲቆርጡ አንድ ሰው አጨብጭቦላቸው አያውቅም። ደንበኛ ጨርቁን ይቀበላል፣ በዋጋው ይነጫነጫል፣ ይሄዳል። ያን ቀን ጭብጨባው በጆሯቸው ገብቶ አንጀታቸውን አራሰው። ሱቅ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ሰማሽ?» አሉ።

«ምኑን?» አሉ እትዬ ሜትር።

«ጭብጨባውን ነዋ።»

«የተመረቀው እኮ ሽንት ቤት ነው።»

«ጭብጨባ ለምን እንደተጨበጨበ አይታወቅበትም» አሉ ጋሽ መቀስ።

ምርጫ ደረሰ፤ ጋሽ መቀስ ለከንቲባነት ተመዘገቡ። ተወዳዳሪያቸው ስለ በጀት፣ ስለ ፍሳሽ፣ ስለ ትምህርት ቤት ጣራ ረጅም ንግግር አደረገ። ጋሽ መቀስ ተራቸው ሲደርስ መድረክ ወጥተው አንድ ሜትር ቀይ ሳቲን ዘርግተው ቆረጡና ወረዱ። በሰፊ የድምፅ ብልጫ ከንቲባ ሆኑ። ይህን ሞኝነት ነው የሚል ሰው የዚያኛውን ንግግር ያልሰማ ነው።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላል ተረቱ። ጋሽ መቀስ ግን አንድም አልበሉም፤ ቆረጡ እንጂ። ያለቀውን ሥራ ሁሉ መረቁ። ያለቀ ሲያልቅባቸው የነበረውን መረቁ። ከአያቶቻቸው በፊት የበቀለውን የአደባባዩን ትልቅ ዛፍ መረቁ፤ በሪፖርቱ ላይ «ጥላን ለኅብረተሰቡ ተደራሽ የማድረግ ሥራ በስኬት ተጠናቋል» ተባለ። ቤተ መጻሕፍቱ ከተዘጋ ቢቆይም ደረጃውን መረቁት፤ ደረጃው ምን አጠፋ። ሳቲኑ የሚመጣው ከሱቃቸው ነው። እትዬ ሜትር እየለኩ ይሰጣሉ፣ በሰጡ ቁጥርም በረጅሙ ይተነፍሳሉ።

ከተማዋን ከዋናው መንገድ የሚለያት አንድ ወንዝ አለ። አውቶቡሱም፣ ሐኪሙም፣ የበላይ አካል የሚባለውም ከወዲያ ማዶ ነው። ሰው የሚሻገረው በአንድ ቀዛፊ ጀልባ ነበር። ሕዝቡ ድልድይ ይሠራልን አለ፤ ጋሽ መቀስም መሐንዲስ አስጠሩ። መሐንዲሱ ወጣት ነው፣ ወንዙን አይቶ፣ አፈሩን በእጁ አሽቶ ተመለሰ።

«ሦስት ዓመት ይፈጃል» አለ። «ከዚያ ይመረቃል።»

«ቆይ እስቲ። አንተ ልጅ፣ ይሄን ኮት ማን ነው የሰፋልህ?»

«ልብስ ሰፊ ነዋ።»

«ልብስ ሰፊው ሰፍቶ ሲያበቃ ነው ጨርቁን የቆረጠው?»

መሐንዲሱን ዩኒቨርሲቲ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አላዘጋጀውም። «አይ... መጀመሪያ ይቆርጣል» አለ።

«ጎሽ። መጀመሪያ ይቆረጣል፣ ከዚያ ይሰፋል። የኔ ድርሻ መቁረጡ ነው፣ ያንተ መስፋቱ።»

«ጋሼ፣ አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ነው እኮ የሚባለው።»

«መለካቱን ለባለቤቴ ተውላት።»

እትዬ ሜትርም ለኩ። ለወንዙ ስፋት አንድ ጣቃ ሙሉ ሳቲን አልበቃ ብሎ፣ ቀዩ ላይ ቢጫ ተቀጠለበት። ቀዛፊው ጫፉን በጀልባው ይዞ ተሻገረና ማዶ ካለ ጉቶ ላይ አሰረው። በዚያ ወንዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ነገር ቢኖር እስካሁን ያ ሪባን ብቻ ነው። ጋሽ መቀስ ገፋ አደረጉት። ሪባኑ ውሃው ላይ ወድቆ ቁልቁል ሄደ፣ ሕዝቡ እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ፣ «ድልድዩ ተመርቋል» የሚል ሪፖርት ለበላይ ተላለፈ። ከበላይም መልስ መጣ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ይህ ተሞክሮ ይስፋፋ። ለግንባታው የተጠየቀው በጀት ግን ተከለከለ፤ ለተመረቀ ድልድይ በጀት የሚሰጥ መንግሥት የለም። መሐንዲሱ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ።

«መጀመሪያ ይቆረጣል» የሚለውን አባባል ከተማዋ ወደደችው። ሻይ ቤቱ መጀመሪያ ሒሳብ፣ ከዚያ ሻይ አለ። መምህሩ መጀመሪያ ተማሪዎቹን ሁሉ አሳልፎ፣ ማስተማሩን ለሚቀጥለው ዓመት አስቀመጠው። እንዲህ ያለ አንድነት በየትም ታይቶ አይታወቅም።

አንድ እንከን ብቻ ቀረ፣ እሱም ጀልባው ነው። ድልድይ ባለበት ከተማ ጀልባ ሲንሳፈፍ መታየቱ የልማት ስም ማጥፋት ነበር። ጋሽ መቀስ ቀዛፊውን አስጠሩት።

«ካሁን በኋላ ጀልባ ክልክል ነው።»

«ድልድዩ ሲሠራ ማለትዎ ነው?»

«ድልድዩ ተመርቋል እኮ ነው የምልህ።»

«እሺ ይሁን። እኔስ ምን ልሁን፣ ጌታዬ? ልጆች አሉኝ።»

«የድልድዩ ዘበኛ ሆነሃል። ኮፍያ ይሰጥሃል።»

ቀዛፊው ትንሽ አሰበ። «ዘበኛ ቤት ያስፈልገዋል፤ ሳንቃው ከየት ይመጣል?»

«ጀልባህን አፍርሰው።»

ቀዛፊው ምራቁን የዋጠ ሰው ነበር፤ የሌለ ድልድይ መጠበቅ ያለውን ጀልባ ከመቅዘፍ እንደሚቀል ገባው። ጀልባው ፈርሶ የዘበኛ ቤት ሆነ። ሥራውንም በታማኝነት ያዘ፦ ከብት በድልድዩ እንዳያልፍ ይከለክላል፣ ከባድ ጭነት የጫነውን ይመልሳል። ሰው ደግሞ ራቅ ብሎ፣ ውሃው ሳሳ የሚልበት ቦታ እየፈለገ ልብሱን ሰብስቦ በእግሩ ይሻገር ጀመር። አንድ ቀን ከማዶ የመጣ ባለጉዳይ ከንቲባው ፊት ቆመ፤ ከሱሪው ውሃ ይንጠባጠባል።

«በምን መጣህ?» አሉ ጋሽ መቀስ።

«በድልድዩ ነዋ።»

«ሱሪህ ምነው?»

ባለጉዳዩ ጉዳዩን አሰበ። «አዲስ አይደል፣ ቀለሙ ገና አልደረቀም» አለ።

ጉዳዩ በዚያው ቀን አለቀለት።

ከዚያ ትልቁ ስልክ ተደወለ። የበላይ አለቃው ራሳቸው ሊመጡ ነው፤ ድልድዩን አይተው፣ ለጋሽ መቀስ ማዶ ባለው መሥሪያ ቤት ትልቅ ሹመት ሊሰጧቸው። ደንቡ ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ተሿሚው የያዘውን ወንበርና የግል ንግዱን አስቀድሞ መልቀቅ አለበት። ወንበሩን ለጸሐፊያቸው አስረከቡ፣ እሱ አልከበዳቸውም። ሱቁ ግን ከበዳቸው። ጋሽ መቀስ ሱቃቸውን ይወዱታል። ሆድ ሲብሳቸው አንድ ጣቃ አውርደው ይዘረጉታል፣ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ ያደርጉታል፣ መልሰው ይጠቀልሉታል፤ ይሻላቸዋል። ልጆቻቸው በዚያ ባንኮኒ ሥር ነው ዳዴ ያሉት።

«አትሽጠው» አሉ እትዬ ሜትር። «ሹመት ወንዝ አያሻግርም።»

«ድልድይ አለ» አሉ ጋሽ መቀስ።

እትዬ ሜትር ባላቸውን ትክ ብለው አዩአቸው። ሰውየው የምራቸውን ነው። ድልድዩ የለም የሚላቸው ሰው ጠፍቶ ከርሞ፣ በመጨረሻ እሳቸውም አምነዋል። እትዬ ሜትር ፈሩ። እሳቸው በሕይወታቸው ሙሉ ያለውን ጨርቅ እንጂ የሌለውን ለክተው አያውቁም።

«ለማን ነው የምትሸጠው?»

«ለመጣው።»

«እንግዲያው ወንድሜ ይግዛው» አሉ።

ወንድምየው ገዛው። ጋሽ መቀስ ከሱቁ ይዘው የወጡት መቀሳቸውን ብቻ ነው። ደፉ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አቧራ ነው አሉ።

አለቃው የመጡ ቀን ክረምቱ በርትቶ፣ ወንዙ አፉን ሞልቶ ይሄድ ነበር። ጋሽ መቀስ አዲስ ሱፍ ለብሰው ወረዱ። ማዶ መኪናዎች ተደርድረዋል፣ አለቃው ጃንጥላ ተይዞላቸው ቆመዋል። ጋሽ መቀስ ድልድዩን በዓይናቸው ፈልገው ሲያጡት ወደ ዘበኛው ጠጋ አሉ።

«ጀልባህን አምጣ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«በድልድዩ አይሻልዎትም?»

«አትቀልድብኝ።»

«ጀልባዬማ ይኸውልዎት» አለ ዘበኛው፣ የቤቱን ግድግዳ መታ መታ እያደረገ። «ይልቅ ገባ ይበሉ፣ ዝናቡ መታዎት።»

ጋሽ መቀስ ወደ ወንዙ ዳር ሄዱ። ጫማቸው ውሃ ገባበት። ከተመረቀ ወዲህ ድልድዩን ሲያዩት ያን ቀን መጀመሪያቸው ነው፤ እንደሌለ በዓይናቸው አረጋገጡ። ሱቁ ተሽጧል፣ ወንበሩ ተሰጥቷል፣ የቀረው ሹመት ማዶ ቆሟል።

አለቃው የድምፅ ማጉያ አነሱ። «ድልድዩ የታለ?»

«ተመርቋል፣ ክቡር አለቃ!»

አለቃው ከረዳቶቻቸው ጋር ተነጋገሩ። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ድልድዩን እሳቸውም በፈንታቸው ለበላያቸው ሪፖርት አድርገውታል፣ ስለ እሱም ደረታቸው ላይ ሜዳሊያ ተንጠልጥሏል። ድልድይ ጠፋ ተብሎ ደግሞ ሜዳሊያ አይወልቅም።

«በጣም የሚያምር ድልድይ ነው» አሉ በማጉያው። «በል ተሻገርና ሹመትህን ውሰድ።»

ጋሽ መቀስ ውሃውን አዩ። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ እያገላበጠ አለፈ። እሳቸው የመረቁትን ዛፍ የሚያህል ነው።

«ቀለሙ... ገና አልደረቀም፣ ክቡር አለቃ» አሉ።

አለቃው ገባኝ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ረዳቶቹ ሪባን ወጠሩ። አለቃው መቀስ ተቀበሉ፤ ዱልዱም ስለነበር ብዙ ታገሉት፣ በመጨረሻ ተበጠሰ። ማዶ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

«ሹመትህ ተመርቋል! እንኳን ደስ ያለህ!»

«መሥሪያ ቤቱ የት ነው፣ ክቡር አለቃ?»

«ተሞክሮህን በደንብ ቀስመናል» አሉ አለቃው ወደ መኪናቸው እየገቡ። «መጀመሪያ ይቆረጣል፣ ከዚያ ይሰፋል።»

ጋሽ መቀስ እንደ ረጠቡ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ጸሐፊያቸው ከወንበሩ ብድግ ሳይል እጅ ነሳ። «ክቡርነትዎ የበላይ ሆነዋል» አለ። «ወደዚህ ዝቅ ሊሉ አይገባም።» በሩንም በአክብሮት አስዘጋላቸው።

የቀራቸው ሱቁ ነው። ሲገቡ ባንኮኒው ጋ የቆሙት እትዬ ሜትር ናቸው፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው። ፊት ለፊታቸው አንዲት ደንበኛ የአንሶላ ጨርቅ ትጠብቃለች።

«ወንድምሽ የታል?» አሉ ጋሽ መቀስ።

«ቤቱ ነዋ።»

«ሱቁን ገዝቶ?»

«ወንድሜ ጨርቅ ምን ያውቃል። የእናቴን ወርቅ ሸጬ በእሱ ስም የገዛሁት እኔ ነኝ።»

ጋሽ መቀስ እፎይ አሉ። መሳቅም ማልቀስም አማራቸው። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አሉ፤ ከልባቸው ነው ያሉት። «በይ እንግዲህ መልሽልኝ።»

እትዬ ሜትር አልመለሱላቸውም። ቀና ብለው ከባንኮኒው በላይ ያለውን ጽሑፍ አዩ። ጋሽ መቀስም አዩት። የገዛ እጃቸው ጽሑፍ ነው፣ ፊደሉ ያምራል።

«እሺ፣ እኔስ ምን ልሁን?»

«አንተማ ተመርቀሃል» አሉ እትዬ ሜትር። «መቀሱን ወዲህ በልና ያንን ጫፍ ያዝ።»

ጋሽ መቀስ መቀሱን አስረክበው ጫፉን ያዙ። እትዬ ሜትር በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቆረጡ፤ ከትክተው፣ ከትክተው ጨረሱት፣ ጠማማ ሆነ። ግን ጨርቁ ልኩ ነበር፤ ደንበኛዋም ተቀብላ፣ በዋጋው ተነጫንጫ ሄደች።

ጋሽ መቀስ አጨበጨቡ።