ካባውም በአጀንዳ አልተያዘም

ሦስት ሰው ተቀምጦ አራተኛው «እንጀምር» ባለበት ሁሉ አንድ እትዬ አጀንዳ አይጠፉም። የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ይሁን፣ የተማሪ ወላጆች ይሁኑ፣ ወንድምና እህት ውርስ ለመካፈል ይቀመጡ፣ ከጥግ በኩል መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው «ይቅርታ፣ ይሄ በአጀንዳ ተይዟል?» የሚሉ ሰው አሉ። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። አብራችኋቸው ተሰብስባችሁ ከሆነ ደግሞ ከዕድሜያችሁ ላይ ስንት ሰዓት እንደተቀነሰ ታውቃላችሁ።

የእኛዋ የሁሉም ቁንጮ ናቸው። እኔ የምሠራው በአንድ የሕዝብ ቲያትር ቤት ነው፤ የአልባሳት ክፍል ኃላፊ ነኝ። የንጉሥ ካባ፣ የሌባ ኮት፣ የሙሽራ ቬሎ፣ የወታደር ቆብ ሁሉ በእኔ እጅ ነው። ቲያትር ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰባት አባላት ያሉት ቦርድ ሲሆን፣ ቦርዱን የሚያስተዳድሩት ግን ክብርት ጸሐፊዋ ናቸው። «እትዬ አጀንዳ» የሚለውን ስም ያወጣሁላቸው እኔው ነኝ። ባወጣሁ በሁለተኛው ቀን ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ በዚያው ይጠራቸው ጀመር፤ በሌሉበት ነው ታዲያ። የክፍል ኃላፊዎች በቦርዱ ስብሰባ ያለ ድምፅ ስለምንቀመጥ የምነግራችሁን ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ነው።

እትዬ አጀንዳ የሚያምኑት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ምልዓተ ጉባኤ ነው። ከሰባቱ አራት ሰው ካልተገኘ ስብሰባ የለም፤ ሦስት ተኩል ብሎ ነገር አያውቁም። አንድ ጊዜ አራተኛው አባል፣ ጡረታ የወጡት ሐኪም፣ በሩ ላይ ቆመው ስልክ ያወራሉ። አንድ እግራቸው ውስጥ ነው፤ አንዱ ኮሪደሩ ላይ። ሰብሳቢያችን ቸኩለዋል፤ ሰብሳቢያችን ሁልጊዜ እንደቸኮሉ ነው።

«ይኸው መጥተዋል፤ እንጀምር» አሉ።

እትዬ አጀንዳ የሐኪሙን ጫማ ትክ ብለው አዩ። «አንድ እግር ምልዓተ ጉባኤ አያሟላም።»

ሁለተኛው እግር እስኪገባ ሃያ ደቂቃ ተጠበቀ። ቃለ ጉባኤው ላይም ሐኪሙ «ሙሉ በሙሉ» የገቡበት ሰዓት ተጽፏል። ካላመናችሁ ፋይሉ አለ።

ሁለተኛው እምነታቸው «በአጀንዳ ያልተያዘ በቃለ ጉባኤ አይያዝም» የሚለው ነው። ይህን ሲሉ ሰው ስለ ሟች ሲያወራ እንደሚያደርገው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ባለፈው ክረምት ቦርዱ ስለ ልምምድ ሰዓት ሲነጋገር ዝናቡ ዶፉን ለቀቀውና ጣሪያው በቀጥታ የአንዱ አባል፣ የሕግ ባለሙያው አናት ላይ ያንጠባጥብ ጀመር። ሰውየው መላጣ ስለሆኑ እያንዳንዷ ጠብታ ትሰማለች።

«ጣሪያው እኮ እያፈሰሰ ነው» አሉ ቀና ብለው።

«በአጀንዳ አልተያዘም። ልዩ ልዩ ላይ ያንሱት።»

ልዩ ልዩ ማለት የስብሰባው ጭራ ነው፤ የተረፈ ነገር ሁሉ የሚጠራቀምበት። ሰውየው አሳዘኑኝና ከአልባሳት ክፍል የመድረክ ጃንጥላ አመጣሁላቸው፤ ጠርዙ ላይ ዘርፍ ያለው ሮዝ ጃንጥላ። በዚያ ሥር ተቀምጠው ሦስት አጀንዳ ተከራከሩ። ልዩ ልዩ ሲደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበርና እንዲህ ተብሎ ተያዘ፦ «ጣሪያው ያፈሳል የሚል ሐሳብ ተነሥቷል፤ በውይይቱ ሰዓት ግን ማፍሰሱ አልተረጋገጠም።»

የእትዬ አጀንዳን ባለቤት አንድ ቀን በር ላይ ሲጠብቋቸው አገኘሁና «ቤትም እንዲህ ናቸው?» አልኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም» አሉኝ በኩራት። «ጠብ የሚያዘው ልዩ ልዩ ላይ ነው። እዚያ ሳንደርስ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል።»

በዚህ ሁሉ ስቄያለሁ። በሻይ ሰዓት መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ እያደረግሁ ስንቱን ሠራተኛ ሆዱን አስይዤዋለሁ። የሳቅሁት ሁሉ ዞሮ የመጣው አዳራሹ ውስጥ ስላሉት ወንበሮች ስብሰባ በተጠራ ቀን ነው።

ቦርዱ የወንበሮቹን ጨርቅ ሊያስቀይር ነበርና ናሙና ይዤ እንድገባ ታዘዝኩ። ቀዩን ቀለም ለማነጻጸር ብዬ የንጉሡን ካባ አብሬ ይዤ ገባሁ። ሰብሳቢው በሁለት ጣታቸው አንሥተው አዩት።

«ይሄ ቡቱቶ እስካሁን አልተጣለም? ተቀዶ ለወለል መወልወያ ይሁን። ሌላውንም አሮጌ እንደዚሁ አድርጉት።»

ያን ካባ ለብሰው ሦስት ትውልድ ተዋንያን ነግሠውበታል። ስፌቱ በተተረተረ ቁጥር መልሼ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ደሜ ፈላ።

«ይህን ካባ የለበሰ ሰካራም ተዋናይ እንኳ ከእርስዎ የተሻለ ሰብሳቢ ይወጣው ነበር» አልኩ። እዚያ ላይ ብቆም ምን ነበረበት። «መወልወያ ከፈለጉ ደግሞ ምላስዎ ይበቃል። ባለሥልጣን በመጣ ቀን ወለሉን ሲልሱበት አይተናል።»

የሕግ ባለሙያው ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየለት ነገር አነቃቸው። የሰብሳቢው ፊት ከካባው ጋር ተመሳሰለ።

«ይመዝገብ» አሉ። «ቃል በቃል ይመዝገብ። በዚሁ ቃለ ጉባኤ ነገ ከሥራ ይሰናበታል።»

ሁለት ልጆቼ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። እትዬ አጀንዳን አየኋቸው። ሰው ሲያስነጥስ ሰዓቱን የሚጽፉ ሴት ናቸው። እስክሪብቷቸው ግን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

«አይያዝም» አሉ።

«እንዴት አይያዝም?»

«ያለንበት አጀንዳ የወንበር ጨርቅ ነው። ስድብ በአጀንዳ አልተያዘም።»

«እሺ፣ ልዩ ልዩ ላይ ይያዝ።»

«ይቻላል።» ካባውን ማጠፍ ጀመርኩ። እሳቸው መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ። «ነገር ግን ክቡር ሰብሳቢ፣ ካባውም በአጀንዳ አልተያዘም። ስድቡ ከገባ መነሻው አብሮ መግባቱ ነው። የሕዝብ ንብረት ያለ ቦርድ ውሳኔ ተቀዶ ይወልወልበት ማለትዎን ማለቴ ነው። ሁለቱንም ቃል በቃል ልያዛቸው?»

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ጣሪያውን አዩ። «ወደ ወንበሩ እንመለስ» አሉ።

ከዚያ ሁሉ ጉድ ቃለ ጉባኤው ላይ የቀረው አንድ መስመር ነው፦ «የአልባሳት ክፍል ኃላፊው ስለ ቀዩ ቀለም በቂ ማብራሪያ ሰጥቷል።»

ስብሰባው ሲያልቅ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኋቸው። ለማመስገን አፌን ስከፍት ጣታቸውን አነሡብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ነውር አይደለም እንዴ?»

«ይቅርታ እትዬ፣ ስድቡ ሳላስበው አምልጦኝ ነው።»

«ስለ ስድቡ መች አልኩህ? በድንገት እንዴት ይነሣል? ሌላ ጊዜ ሰብሳቢውን መስደብ ስትፈልግ ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ አሳውቀኝ፤ አስይዝልሃለሁ።» ሁለት እርምጃ ሄዱና ዘወር አሉ። «ለሰው ስም ስታወጣም እንደዚሁ።»

ዓመት ሙሉ ሲያውቁት ኖረዋል። እፍረቱ ውስጤ ገብቶ ሳለ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ማረጋገጫ ግን የለኝም።

በሚቀጥለው ወር እንደታዘዝኩት ከሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ አስገባሁ፦ «ለቦርዱ ጸሐፊ ምስጋና ስለማቅረብ»። ልዩ ልዩ ላይ ያዙልኝ። ልዩ ልዩ ሲደርስ ሰብሳቢው እንደ ልማዳቸው ቸኩለው ወጡና ሦስት ሰው ቀረ። ተላለፈ። ከዚያ በኋላ በነበረው ስብሰባ ደግሞ ለሐኪሙ ስልክ ተደወለላቸው። አንድ እግራቸው ውስጥ ነበር። እትዬን በዓይኔ ለመንኋቸው፤ ጫማውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ይኸው ምስጋናዬ ለአራተኛ ጊዜ ተላልፏል።

ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፤ እዚህ እግር የሚቆጥር የለም። ካባው ዛሬም መስቀያው ላይ አለ፤ እኔም ከሥሩ አለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።