ሰው ሄደ

ትናንት ቅዳሜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ደብተሬን እንደ ዘረጋሁ ሸለብ አደረገኝና በሕልሜ አምፖሎች ኩሽና ሊገዙ ገበያ ሲወጡ አየሁ።

ወደ ሕልሙ ከመግባቴ በፊት ደብተሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቤታችን ከፊት ለፊቱ ሌላ ሕንፃ ስለ ተገተረበት ቀንም መብራት ያስፈልገዋል። የኩሽናችን አምፖል ጣሪያው መሐል ላይ ነው፤ የሚከተፍበት ቦታ ደግሞ ግድግዳው ጥግ። ስለዚህ ባለቤቴ እታፈራሁ ሽንኩርት ስትከትፍ ብርሃኑ ከጀርባዋ ይመጣና የምትከትፈው በራሷ ጥላ ውስጥ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቢላው ጣቷን ቆረጣት። "ልሳኑ፣ ወይ መብራቱን አስተካክል፣ ወይ ከዚህ ኩሽና እሄዳለሁ" አለችኝ።

እኔ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ደም በማይክሮስኮፕ ያየሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሳልለካ ዕቃ አልገዛም። እታፈራሁ በምትቆምበት ቦታ መወልወያ አቁሜ ጥላውን በየቀኑ ለካሁ። ነጭ ይሻላል ወይስ ቢጫ፣ ከጣሪያ ዝቅ ይበል ወይስ ከካቢኔቱ ሥር ይለጠፍ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ሳሎን ተቀምጬ ስጽፍ ዓይኔ ያለቅሳል። ምክንያት፦ የሳሎኑ አምፖል።" ስጽፍ እታፈራሁም እየመጣች ከፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። አብሮ መሆን ፈልጋ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሕልሜ እኔና እታፈራሁ ከነኩሽናችን ከአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለናል። በግራም በቀኝም ሌሎች ኩሽናዎች ከነባለቤቶቻቸው ተሰቅለው ይወዛወዛሉ። አምፖሎች ከታች እየተዘዋወሩ አንጋጠው ያዩናል። ከሩቅ ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ የሚል ድምፅ ይሰማል። ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ባለሱቁ ማብሪያ ማጥፊያ ነበር። ወደ ላይ ሲገፉት ይስቃል፣ ወደ ታች ሲገፉት ይኮሳተራል። አንድ ረጅም ፍሎረሰንት ወደ እሱ ቀረበ።

"እ-እ-እንደምን ዋልክ? ይ-ይ-ይሄኛው ሰውዬ ይሠራል?"

"እኛ ሞክረን ነው የምንሸጠው፣ ጌታዬ። ከሱቅ ከወጣ በኋላ ግን አይመለስም።"

ባለሱቁ አወረደኝና ግድግዳው ላይ ወዳለው ቀዳዳ ጭንቅላቴን አስገብቶ ሁለት ዙር አጠበቀኝ። ጆሮዬ ጋለ፤ በራሁ።

"በ-በጣም ቢጫ ነው። ነ-ነጭ የለህም?"

"ነጭ አልቋል። ይሄ ግን ሲደነግጥ አመድ ይመስላል።"

ፍታኝ ብዬ ልለምነው ስል አጠገቤ አንድ ቆጣቢ አምፖል፣ ያ ዘግይቶ የሚበራው ዓይነት፣ ቆሞ አየሁ። "እንዴት ዋልክ?" አልኩት። ዝም አለ። ባለሱቁ ፈታኝ፣ መልሶም ሰቀለኝ። ያን ጊዜ ቆጣቢው ከታች ቀና ብሎ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?" አለኝ።

ወዲያው ጤና ጣቢያ ነበርኩ። ስላይድ ላይ በጀርባዬ ተጋድሜያለሁ። አንዲት የወባ ተሐዋሲ ነጭ ጋውን ለብሳ በማይክሮስኮፑ ታየኛለች።

"ፖዘቲቭ ነው" አለች። "ሰው ተገኝቶበታል።"

"ስንት?"

"አንድ። ሁለት መሆን ነበረባቸው፣ አንዷ የለችም።"

"መብራቱን አስተካክለሽ እንደገና እዪ" አልኳት።

"እኛ መብራት አናስተካክልም፤ የሚታየውን ነው የምናስተካክለው" ብላ ስላይዱን ወደ ጎን ገፋችው። ስወድቅ ኩሽናችን ውስጥ አረፍኩ። ኩሽናው ተሽጧል። አርባ የሚሆኑ አምፖሎች ገብተው መደርደሪያውን ሞልተውታል። የሳሎናችን አምፖል ደብተሬን ይዞ መሐል ቆሟል።

"ገጽ አሥራ ዘጠኝን ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"እኔ ነኝ ያስለቀስኩህ? ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ሳልቃጠል ያገለገልኩህን? አንተ ሰውዬ፣ ስሜን አጠፋህ!"

"ስሙን አጠፋው! ስሙን አጠፋው!" እያሉ አምፖሎቹ በድንጋጤ ብልጭ ድርግም አሉ።

"ለክቼ ነው" አልኩ።

"ምን ለካህ?"

"ጥላ።"

"የማንን?"

"የመወልወያ።"

በሳቅ ፈነዱ። ሁለቱ እዚያው ተቃጠሉ።

ይሄን ጊዜ ጥጉ ላይ የነበረችው እታፈራሁ መክተፊያዋን በብብቷ ይዛ ተነሣች። ወደ በሩ ሄደች፣ ወጣች፤ በሩንም አልዘጋችም።

"ሰው ሄደ!" ብለው አምፖሎቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። ልክ እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ እንደሚጮኸው።

"ኤጭ! ደግሞ በቅዳሜ ምድር!"

"ሁሉም ቤት ነው የሄደው ወይስ እኛ ጋ ብቻ?"

አንዱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የጎረቤቱን ኩሽና አየ። እዚያ ሰው አለ። "እኛ ጋ ብቻ ነው" አለ አዝኖ።

"መቼ ትመጣለች?"

"አይታወቅም።"

"ከሄደች እኮ ሦስት ሳምንት ሆናት" አለ የሳሎኑ አምፖል።

ነጩም ቢጫውም አምፖል፣ ከላይም ከጎንም በአንድ ጊዜ ቦግ አለ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ኩሽና አይቼ አላውቅም። አንዲት ጥላ የለችም። ጥጉ ላይ መወልወያው ቆሟል፤ የሚከትፍ ሰው ግን የለም። "እታፌ!" ብዬ ተጣራሁ። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ የሚለው ድምፅ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ ጆሮዬ ሥር ደረሰ። ዓይኔ ማልቀስ ጀመረ። ነቃሁ።

ጉንጬ ደብተሩ ላይ ተለጥፏል። ከፊት ለፊቴ እታፈራሁ ተቀምጣለች። መክተፊያዋን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ከሳሎኑ አምፖል ሥር፣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ።

"መቼ መጣሽ?" አልኳት።

"ከየት?"

"ከኩሽና።"

"ጣቴን የቆረጠኝ ዕለት ነዋ። እሄዳለሁ አላልኩህም? እንዲያውም ደብተርህን ገፋ አድርገህ ቦታ የሰጠኸኝ አንተ ነህ።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚህ ነው የምትከትፊው?"

"ፊትህ ላይ" አለች ቢላውን ሳታቆም። "ስታለቅስም አይሃለሁ። ለጣቴ አዝኖ ነው ብዬ ዝም አልኩህ።"

ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግሁ። ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ "የሳሎኑ አምፖል" የሚለውን ሰርዤ "ሽንኩርት" ለማለት እስክሪብቶ ፈለግሁ።

"ልሳኑ፣ ከነቃህማ ያንን ደብተር አቀብለኝ። ይሄ ጠረጴዛ ስከትፍበት ይነቃነቃል።"

አቀበልኳት። ጎንበስ ብላ ባጠረው የጠረጴዛው እግር ሥር ወሸቀችው። ልክ ሆነ፤ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አልተረፈም።