ሩዝ ያላየ ሆድ

በየዘመዱ ቤት አንድ «አልበላሁም» ባይ አይጠፋም። የኛው ክቡር ፓክዴ ማርሱዲ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እርግጥ ላምፑንግ ክፍለ ሀገር ባለችው መንደራችን ሩዝ ሳይቀምስ በላሁ የሚል የለም፤ እሳቸው ግን ነገሩን ሃይማኖት አድርገውታል። ካሳቫውን ቀቅለው፣ ሙዙን ጠብሰው፣ ኑድሉን ደርበውበት ሆዳቸውን እያሻሹ፣ «ከጠዋት ጀምሮ እህል ባፌ አልዞረም» ይላሉ። ያ ሁሉስ? «እሱማ መቆያ ነው።»

ደም ብዛትና ጨጓራ ባንድ ላይ ሲገኝባቸው የጤና ጣቢያዋ ዶክተር ራትሪ ቤታችን ድረስ መጥታ፣ «መታከም ያለበት ቤተሰቡ ሁሉ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም በሽተኞች ሆንን። የኔ የደም ግፊት ደህና ነው ብል ማን ሰምቶኝ፤ በየማለዳው ከፓክዴ ኋላ እየተጎተትኩ በእግር እሄዳለሁ። ወጡ ጨውም ሚጥሚጣም አጣ። ሚስታቸው ቡዴ ቱኪናህ የጨው ዕቃውን ትራሳቸው ስር አድርገው ይተኛሉ። ድመቷ ጨው የበዛበት ደረቅ ዓሣዋ ሲቋረጥባት ጎረቤት ኮበለለች። ከድመቷ በቀር ያጉረመረመ የለም፤ አባቴን የወሰደብን ይኸው ደም ብዛት ነው።

ግፊቱ ግን ወይ ፍንክች። አንድ ጠዋት ለዶሮዎች ጥሬ እየበተኑ ሳለ ዞሮባቸው ወደቁ። እንደ ምንም ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ነቃ ሲሉ ዶክተር ራትሪ ከኪሳቸው ያልተነካ የኪኒን እሽግ መዘዘች።

«ፓክዴ፣ ይሄን ለምን አልዋጡም?»

«ጠዋት ከምግብ በኋላ ብለሽኝ።»

«እና?»

«አልበላሁማ። ጠዋት ሩዝ ይከብደኛል።»

ቡዴ ጣልቃ ገቡ። «የልጆቼ አባት፣ ዛሬ ያን ሁሉ ካሳቫ የጨረሰው ጂኒ ነው?»

«እሱማ መቆያ ነው» አሉ ረጋ ብለው።

ዶክተሯ ወደ ቡዴ ዞረች። «እሺ ቡዴ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ ሩዝ ያጉርሷቸው፤ ከዚያ ኪኒኑ ይከተላል።»

ቀትር ላይ ጨው አልባ ሩዛቸው ቀረበ። ፓክዴ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ በልተሃል?»

ደህና መሆናቸውን እንዳየሁ ሹልክ ብዬ በሩ ላይ ካለው ሻጭ ጨው የጠገበ ኑድል ሁለት ሳህን ጠርጌ መመለሴ ነበር።

«አልበላሁም፣ ፓክዴ።»

ፊታቸው በራ። አልጋው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና ሩዙን ለሁለት ከፈሉት። «ብላ ልጄ፣ ሰው እንዴት በኑድል ይውላል?» አሉ፤ ሽታው አጋልጦኝ ኖሯል።

ያን ለዛ ቢስ ሩዝ ከጎናቸው ተቀምጬ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በላሁት። ደስ ብሎኝ ነው የበላሁት። በዚያ ቀን ሌላ ምንም አልበላሁም።